ለኤልና ለስታውት የሚሆን እርሾ፦ አመራረጥ፣ አሰባሰብና ደጋግሞ አጠቃቀም

ቤት ውስጥ ቢራ ሲጠመቅ ሐሳብ ሁሉ ብቅሉና ሆፑ (ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ላይ ያርፋል፤ እርሾው የሚታወሰው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ኤል ሞቅ ባለ ቦታ የሚብላላ የቢራ ዓይነት ነው፤ ስታውት ደግሞ በተቆላ ገብስ የጠቆረው ኤል ነው። ስታውቱ አፍ ላይ ወፍራም ወይም ቀጭን፣ ደረቅ ወይም ለስላሳ እንዲሆን ግን የእርሾው ድርሻ ትልቅ ነው። ደግሞም እርሾ ከሌሎቹ ግብዓቶች በአንድ ነገር ይለያል፤ ሲሠራ ይበዛል እንጂ አያልቅም። 20 ሊትር ቢራ ተብላልቶ ሲያበቃ ከዕቃው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ መጀመሪያ ከገባው እርሾ ብዙ እጥፍ ነው። ያንን አስቀርቶ ለሚቀጥለው ጥምቂያ ለማዋል ንጽሕናና ዕቅድ ያስፈልጋል። ዕቅድ ስንል የቢራዎቹን ተራ ማለታችን ነው፤ እርሾው ከየትኛው ቢራ ወደ የትኛው እንደሚሸጋገር ገና እሽጉ ሲገዛ መወሰን አለበት።

ከዚህ በታች ያሉት ልኬቶች ሁሉ ለ20 ሊትር ናቸው። «ጭማቂ» የምንለው ተፈልቶ የቀዘቀዘውንና እርሾ ያልገባበትን የብቅል ውሃ ነው። «እፍጋት» የምንለው ደግሞ ሃይድሮሜትር የሚያሳየውን ቁጥር ነው፤ ንጹህ ውሃ 1.000 ሲሆን፣ ስኳር በበዛ ቁጥር ከዚያ ከፍ ይላል።

ዝርያ ሲመረጥ ምን ይታያል

የኤል እርሾ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ይባላል፤ አብዛኛው ዝርያ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራል። የዳቦ እርሾም ከዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን ቢራ ውስጥ ሲገባ በደንብ አይዘቅጥም፤ ብዙ ጊዜም የቅርንፉድ ዓይነት ሽታ ይተዋል። ስለዚህ ለቢራ ተብሎ የተመረተውን ይያዙ።

እሽጉ ላይ ከሚጻፈው ሁሉ በዋናነት የሚታየው ስኳር የመጨረስ አቅሙ ነው፤ በመቶኛ ይጻፋል። 1.048 ላይ ጀምሮ 1.012 ላይ የቆመ ቢራ ከ48 ነጥብ 36ቱን ጨርሷል፤ ይህም 75 በመቶ ነው። ከ70 በታች ዝቅተኛ፣ ከ71 እስከ 76 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ቀጥሎ አዘቃቀጡ ይታያል። አንዳንድ ዝርያ ሥራውን ሲጨርስ ህዋሶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቶሎ ይዘቅጡና ቢራው ይጠራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሳምንታት ተንሳፍፎ ይቆያል። ከዚያ የሚቀረው ጣዕሙ ነው። የአሜሪካ ዓይነት የሚባሉት ዝርያዎች ከራሳቸው ብዙ አይጨምሩም፤ ብቅሉና ሆፑ ጎልተው ይወጣሉ። የእንግሊዝ ዓይነቶቹ ኤስተር የሚባሉትን የፍራፍሬ ሽታዎች ያፈራሉ። የአየርላንድ ዓይነቶቹ በሁለቱ መካከል ናቸው።

ስታውት ላይ ይህ ልዩነት እንዴት እንደሚታይ በቁጥር እንየው። መነሻ እፍጋቱ 1.055 የሆነ የአጃ ስታውት ጭማቂ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በየክፍሉ የተለያየ እርሾ ገባ እንበል። ሳፍኤል ዩኤስ-05 80 በመቶውን ከጨረሰ 1.011 አካባቢ ይቆማል፤ የአልኮሉ መጠን 5.8 በመቶ ይሆናል፣ አካሉ ቀጠን ይላል፣ የተቆላው ገብስ ምሬትም ፊት ለፊት ይመጣል። ሳፍኤል ኤስ-04 75 በመቶ ላይ ከቆመ ወደ 1.014 ይደርሳል። ዊንዘር ማልቶትራዮዝ የሚባለውን የስኳር ዓይነት ስለማይነካ 68 በመቶ ገደማ ላይ ያቆማል፤ ይህ ማለት 1.018፣ አልኮሉም 4.9 በመቶ ነው። ብቅሉም ሆነ ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት የተለያዩ ስታውቶች ወጡ።

ደረቅ ስታውት ሲጠመቅ ከ75 በመቶ በላይ የሚጨርስ፣ ጣዕሙም ብዙ የማይጮህ ዝርያ ይመረጣል፤ የአየርላንድ ዓይነቶቹና ኖቲንግሃም ጥሩ ናቸው። ኖቲንግሃም እስከ 10 ዲግሪ በወረደ ቅዝቃዜም ስለሚሠራ ማቀዝቀዣ ክፍል ለሌለው ሰው በብርድ ወራት ይጠቅማል። ለአጃ ስታውትና ለፖርተር (የስታውት ዘመድ ለሆነው ጥቁር ኤል) ኤስ-04 ወይም የእንግሊዝ ዓይነት ፈሳሽ እርሾ ይሆናል። ላክቶስ (የወተት ስኳር) ለሚገባበት ጣፋጭ ስታውት ግን ዊንዘርን አንመክርም። ላክቶስን የቢራ እርሾ ስለማይበላው ጣፋጭነቱ እዚያው ይቀራል፤ በዚያ ላይ ዊንዘር የተወው ስኳር ሲጨመርበት አፍ ላይ ይከብዳል። የአልኮል መጠኑ ከ8 በመቶ በላይ ለሚሆን ኢምፔሪያል ስታውት ደግሞ አልኮል የሚችል ዝርያ የግድ ነው፤ ዩኤስ-05 ወይም ኖቲንግሃም ይችሉታል።

አስቀድሞ የተነገረው መቶኛ ዋስትና አይደለም። ብቅሉ በ64 ወይም በ65 ዲግሪ ከተዘፈዘፈ እርሾው የሚበላው ስኳር ይበዛል፤ በ68 ዲግሪ ከተዘፈዘፈ ይቀንሳል። የተቆላና ካራሜል የሆነ ብቅል ሲበዛም መድረሻው በጥቂት ነጥብ ከፍ ይላል። ስታውት 1.016 ላይ ሲቆም «እርሾው ደከመ» ከማለት በፊት ብቅሉ በስንት ዲግሪ እንደተዘፈዘፈ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዲያስታቲከስ ከሚባሉት ዝርያዎች ይጠንቀቁ፤ በተለይ ለሴዞን ቢራ ከሚሸጡት መካከል ይገኛሉ። ሌላው እርሾ የማይነካውን ወፍራሙን ስታርች ሰባብረው ቀስ በቀስ ይበሉታል። ጥቂት ህዋሶች ወደ ስታውት እርሾዎ ከገቡ ጠርሙስ ውስጥም መብላታቸውን አያቆሙም፤ ከወር በኋላ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለውን የሚጠምቅ ሰው ለብቻው የተለየ ባልዲና ቱቦ ይያዝ፤ ዝቃጩንም ከሌላው ጋር ፍሪጅ ውስጥ አያስቀምጥ።

ደረቅ ወይስ ፈሳሽ

ደረቁ እርሾ ለመጀመሪያው ዙር የሚመች ነው። ባለ 11.5 ግራም አንድ እሽግ መነሻው እስከ 1.055 ለሆነ 20 ሊትር ይበቃል። እርሾው ሲደርቅ ውጫዊ ሽፋኑን የሚጠብቅ የስብ ክምችት ይዞ ስለሚመጣ ለመጀመሪያው ዙር ጭማቂውን በአየር መናጥ እምብዛም አያስፈልግም፤ ይህ ለሁለተኛው ዙር አይሠራም፣ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን። ብዙ አምራቾች በቀጥታ ጭማቂው ላይ መበተን ይቻላል ይላሉ። ጠንከር ያለ ጭማቂ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውሃ ማጠጣቱን እንመርጣለን፦ የእርሾውን ክብደት 10 እጥፍ፣ ማለትም 115 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ተፈልቶ ወደ 30 ወይም 35 ዲግሪ የወረደ የቧንቧ ውሃ ላይ በትኖ 15 ደቂቃ መተው፣ ቀስ ብሎ ማማሰል፣ ከዚያ ወደ ጭማቂው መጨመር። የተጣራ ማዕድን አልባ ውሃ አይጠቀሙ፤ በዚያች ቅጽበት የህዋሱ ሽፋን ገና ስላልጠነከረ ውስጡ ያለው ነገር ይፈስበታል።

ፈሳሹ እርሾ የዝርያ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። አንድ እሽግ ሲመረት 100 ቢሊዮን ገደማ ህዋስ ይይዛል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በየወሩ 20 በመቶ ያህሉ ይሞታል ብሎ ማሰብ ለስሌት ይበቃል። ስለዚህ ከሁለት ወር በላይ የቆየ እሽግ ያለ ጥንስስ፣ ማለትም አስቀድሞ በጥቂት ጭማቂ ሳይባዛ፣ ወደ ዋናው ጭማቂ አይገባም።

ጥንስስ ቀላል ነው። 100 ግራም ደረቅ የብቅል ዱቄት (ጭማቂው ደርቆ የተፈጨውን ማለታችን ነው) በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጥና 15 ደቂቃ ይፈላል፤ እፍጋቱ 1.036 ገደማ ይሆናል። ክዳን እንደለበሰ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ ከእርሾው ጋር ይገናኛል፤ አፉ በፎይል ልል ተደርጎ ይሸፈናል። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ይወዝውዙት። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ተፈልቶ የቀረውን ጭማቂ ግን በጠርሙስ ዘግቶ ከፍሪጅ ውጪ ለሌላ ቀን ማቆየት አደገኛ ነው። ተራ መፍላት የቦቱሊዝምን ዘር አይገድልም፤ አየር የሌለበትና አሲዱ አነስተኛ የሆነ ጭማቂ ደግሞ ይመቸዋል። ጥንስስ በተፈለገ ቁጥር አዲስ ጭማቂ ይፈላል።

ስንት እርሾ ይበቃል

ለኤል ተቀባይነት ያለው መለኪያ በየሚሊ ሊትሩ፣ በየዲግሪ ፕላቶው 750 ሺህ ሕያው ህዋስ ነው። ፕላቶ የስኳርን መጠን በመቶኛ የሚለካበት መንገድ ሲሆን፣ ከእፍጋቱ ከ1.000 በላይ ያሉትን ነጥቦች ለ4 በማካፈል ይገኛል፤ 1.048 ማለት 12 ፕላቶ ነው። ስለዚህ 20 ሊትር ባለ 1.048 ጭማቂ 180 ቢሊዮን ህዋስ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ዜሮ ቤት ውስጥ ማንም አይቆጥርም። በደንብ የረጋ፣ ትኩስ ዝቃጭ በየሚሊ ሊትሩ 1 ቢሊዮን ያህል ሕያው ህዋስ ይይዛል ብለን ከያዝን ስሌቱ ወደ አንዲት መስመር ያጥራል፦ ፕላቶውን በ0.75 ማባዛት፤ የሚገኘው ቁጥር ለአንድ ሊትር ጭማቂ የሚገባው ዝቃጭ በሚሊ ሊትር ነው። 12 በ0.75 ሲባዛ 9፤ 9 በ20 ሊትር ሲባዛ 180 ሚሊ ሊትር። መነሻው ከ1.070 በላይ ከሆነ በ0.75 ፈንታ በ1 ያባዙ። የዝቃጩ ክብደት ከመጠኑ እምብዛም ስለማይርቅ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ማሰሮ አስቀምጦ 180 ግራም መመዘን ይበቃል።

ዝቃጩ በቆየ ቁጥር የሞተው ይበዛል። እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ስሌቱ እንዳለ ይያዛል። ሁለት ሳምንት ከሆነው ሩብ ይጨመርበታል፤ 180 የነበረው 225 ይሆናል። ወር ከሆነው ግማሹ እንደሞተ ይቆጠራል። ያኔ እጥፍ ከማድረግ ይልቅ 50 ሚሊ ሊትሩን ወስዶ በሁለት ሊትር ጥንስስ ማደስ ይሻላል፤ የሞቱ ህዋሶች በገፍ ቢራው ውስጥ ሲገቡ የሾርባ ጣዕም ያመጣሉና።

ቢራው ከተቀዳ በኋላ ባልዲው ሥር በቀረው ዝቃጭ ሁሉ ላይ አዲስ ጭማቂ መገልበጥ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ለተራ ኤል ይህ ከሚያስፈልገው አራትና አምስት እጥፍ እርሾ ማስገባት ነው። መብላላቱ በአንድ ቀን ይጋልባል፣ ሙቀቱ ከቁጥጥር ይወጣል፣ አረፋው በክዳኑ በኩል ይገነፍላል። ከዚያ ይልቅ የሚጎዳው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ህዋሶቹ ለመባዛት ቦታም ምግብም ስለማይኖራቸው አዲስ ትውልድ ሳይወለድ አሮጌው ይቀጥላል፤ በሦስተኛው ዙር እጅዎ ላይ ያለው የሽማግሌ ስብስብ ይሆናል። ኢምፔሪያል ስታውት ብቻ ነው ይህን የሚችለው፤ እርሱም ቢሆን የዝቃጩ ግማሽ ወጥቶለት።

ከየትኛው ቢራ ይሰበሰባል፣ ከየትኛው አይሰበሰብም

መነሻ እፍጋቱ ከ1.060 በታች የሆነ፣ መጠነኛ ሆፕ ያለው፣ ከተብላላ በኋላ ሆፕ ያልተጨመረበት፣ ፍራፍሬም ቡናም ያልገባበት፣ በተለመደው ጊዜ የጨረሰ ቢራ ጥሩ ምንጭ ነው። የአልኮል መጠኑ ከ7 በመቶ ካለፈ ቢራ የሚወጣ እርሾ ተጎሳቁሏል። አይፒኤ የሚባለው ሆፕ የበዛበት ኤል ደግሞ ዝቃጩ በቅጠልና በሙጫ የተለወሰ ስለሚሆን ህዋሱን ይሸፍነዋል፤ ምሬቱም ወደ ቀጣዩ ቢራ ይሻገራል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለው፣ ወይም መብላላቱ አቋርጦ በጉትጎታ ከጨረሰ ቢራ ምንም አይወሰድ።

የተራው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ከፈዛዛ ወደ ጥቁር፣ ከቀላል ወደ ጠንካራ፣ ሆፕ ካነሰው ወደ በዛው ይሂዱ። ለምሳሌ ኤስ-04 የያዘ ሰው በ1.040 ፈዛዛ ኤል ይጀምር፤ ይህ የመጀመሪያው ቢራ ዋና ሥራው እርሾ ማርባት ነው፣ እንደ ትልቅ ጥንስስ ይታሰብ። ከዚያ በተሰበሰበው እርሾ 1.048 የሆነ ፖርተር፣ ከፖርተሩ በወጣው 1.055 የአጃ ስታውት። አልኮል የሚችል ዝርያ ከሆነ ከስታውቱ በወጣው 1.090 ኢምፔሪያል ይጠመቅና መስመሩ እዚያ ይዘጋል። የስታውት ዝቃጭ ፈዛዛ ኤል ላይ ቢገባ ቢራውን ያጠቁረዋል፣ የተቆላ ገብስ ጣዕምም ይለቅበታል፤ ወደ ኋላ የማይኬደው ለዚህ ነው።

ቢራዎቹ በሁለትና ሦስት ሳምንት ልዩነት ከተጠመቁ አንዱ ጠርሙስ ውስጥ በሚቀዳበት ቀን ሌላውን ድስት መጣድ ይቻላል። ያን ጊዜ እርሾው ፍሪጅ ሳይገባ ከባልዲ ወደ ባልዲ ይሸጋገራል፤ ከሁሉም የሚሻለው አኗኗሩ ይህ ነው።

አሰባሰቡ፣ ደረጃ በደረጃ

1. መብላላቱ ማለቁን ያረጋግጡ። በ48 ሰዓት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የእንግሊዝ ዓይነት እርሾ ከሆነ ከመጨረሻው ሁለት ቀን በፊት ሙቀቱን ወደ 20 ወይም 21 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ፤ ቶሎ የሚዘቅጥ ዝርያ ዳያሴቲል የሚባለውን የቅቤ ሽታ ሳያጠፋ ሊተኛ ይችላል። ለማረጋገጥ ሁለት ብርጭቆ ይቅዱ፣ አንዱን ሸፍነው በ60 እና በ70 ዲግሪ መካከል ባለ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ ሁለቱንም አቀዝቅዘው ያሽትቱ። የሞቀው ቅቤ ከሸተተ ቢራው አልደረሰም።

2. የሚቻል ከሆነ ባልዲውን በ2 ወይም በ4 ዲግሪ ለሁለት ቀን ያቆዩ። ሲቀዘቅዝ አየር ወደ ውስጥ ስለሚሳብ የጋዝ ማስተንፈሻው ውሃ ወደ ቢራው እንዳይገባ ያውጡትና አፉን በጸዳ ፎይል ይሸፍኑት።

3. አፋቸው ሰፊ የሆነ አራት ባለ ግማሽ ሊትር የመስታወት ማሰሮዎችን ከነክዳናቸው 15 ደቂቃ ያፍሉ። ማንኪያና መቅጃም አብረው ይፍሉ። ስታር ሳን የሚባለው ጀርም ማጥፊያ ያለው ሰው በሊትር ውሃ 1.5 ሚሊ ሊትር ቀላቅሎ ዕቃው ለሁለት ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ያድርግ። ቆሻሻ ያለበትን ዕቃ ጀርም ማጥፊያ አያጸዳውም፤ መጀመሪያ ይታጠብ።

4. ቢራውን ጠርሙስ ውስጥ ሲቀዱ ከዝቃጩ በላይ ግማሽ ሊትር ያህል ያስቀሩ። ስስት አይግባ፤ ያ ቢራ የእርሾው ልብስ ነው። አልኮሉና አሲዱ ባክቴሪያን ይከላከሉለታል።

5. የባልዲውን ከንፈር በጀርም ማጥፊያ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ። ፈሳሹ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ብዙ ሰው ውስጡን ጠብቆ ከንፈሩን ይረሳል።

6. ባልዲውን በክብ እያወዛወዙ ዝቃጩን ከቢራው ጋር ያዋህዱ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆመው ይጠብቁ። ከባዱ የብቅልና የሆፕ ቅራሪ ቀድሞ ይወርዳል፤ ከላይ የቀረው ክሬም የመሰለው ፈሳሽ በእርሾ የተሞላ ነው። ቀስ ብለው አዘንብለው እርሱን ብቻ ወደ ማሰሮዎቹ ይቅዱ፤ ቡናማው ሲመጣ ያቁሙ።

7. ማሰሮውን እስከ ሦስት አራተኛው ብቻ ይሙሉ፤ ክዳኑን ልል አድርገው ያስቀምጡ። ጥብቅ ክዳን ያለው መስታወት ፍሪጅ ውስጥም ይፈነዳል።

8. የዝርያውን ስም፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነ፣ የተሰበሰበበትን ቀን፣ የወጣበትን ቢራና መነሻ እፍጋቱን ጽፈው ይለጥፉ። ከዚያ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ያስቀምጡት፤ የፍሪጁ በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ሙቀት የማይነካው ቦታ።

በማግስቱ ማሰሮውን ከብርሃን ፊት ለፊት አንሥተው ይዩት። ከሥር ቀጭን ቡናማ መስመር፣ መካከል ላይ የወተት ቡና ወይም የአጥንት ቀለም ያለው ወፍራም ንጣፍ፣ ከላይ ቢራ ይታያል። መካከለኛው ነው ሀብቱ። ከስታውት የተሰበሰበ ከሆነ ሁሉም ጠቆር ስለሚል መስመሮቹን መለየት ይከብዳል፤ በእጅ ባትሪ ከጀርባው ማብራት ይረዳል።

እርሾውን በተፈላ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ለረጅም ጊዜ ሲመከር ኖሯል። እኛ አንመክረውም። ውሃው ቅራሪውን በተወሰነ መጠን ይለያል፤ በምትኩ ግን የሚከላከለውን አሲድና አልኮል ያጥባል፣ ማሰሮ ከማሰሮ ባዛወሩ ቁጥርም ለጀርም በር ይከፈታል። ትንሽ ቅራሪ ለኤል አይጎዳም።

ቢራ በወር አንዴ ወይም ከዚያም ዘግይቶ የሚጠምቅ ሰው ከዝቃጭ ይልቅ ከጥንስስ ቢያስቀር ይሻለዋል። ፈሳሽ እርሾ ሲገዛ ከሚያስፈልገው በግማሽ ሊትር የበለጠ ጥንስስ ይሠራና ትርፉን በማሰሮ ያስቀምጠዋል። ሆፕ ያልነካው፣ አልኮል ያልጎዳው፣ ከቅራሪ የጸዳ እርሾ ነው።

ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚነሣ ባልዲ ላለው ደግሞ ከላይ መግፈፍ አለ። የእንግሊዝ ዓይነት ብዙ ዝርያዎች እርሾው ከገባ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ወፍራም አረፋ ሆነው ከላይ ይከማቻሉ። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ቡናማና መራራ አረፋ ተገፎ ይጣላል። ቀጥሎ የሚመጣው ነጭ፣ እንደ ተመታ ክሬም የቆመ አረፋ በጸዳ ማንኪያ ወደ ማሰሮ ይገባል። አረፋው ሲተኛ መጠኑ በብዙ ስለሚቀንስ ከሚመስለው በላይ ይሰብስቡ። ከዚህ የበረታ እርሾ አይገኝም።

እርሾው ዳግም ወደ ጭማቂ ሲገባ

ጥምቂያው ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት ፍተሻ ያድርጉ። ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱ፤ ዳቦ፣ ቢራ፣ ቀላል ፍራፍሬ ከሸተተ መልካም ነው። ኮምጣጤ፣ የሻገተ አይብ ወይም የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ወይም ሮዝ ነጠብጣብ ከታየ ይድፉት። ከላይ ያለውን ቢራ በጸዳ ማንኪያ ይቅመሱት፤ ቢራው ከኮመጠጠ እርሾውም አይታመንም። ቀጥሎ 20 ሚሊ ሊትር ዝቃጭ በ200 ሚሊ ሊትር አዲስ ጭማቂ ላይ ጨምረው በ20 ዲግሪ ያስቀምጡ። እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አረፋ ከሠራ ዝግጁ ነው፤ 24 ሰዓት ካለፈ ሌላ እርሾ ይፈልጉ።

ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው በ400 እጥፍ አጉልቶ፣ በሜቲሊን ብሉ ቀለም የተነከረውን ናሙና ማየት ይችላል። የሞተው ህዋስ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሕያው የሆነው ቀለሙን አያሳይም። ከ100 ህዋስ 90ው ካልቀለመ ድንቅ ነው፤ ከ80 በታች ከወረደ በጥንስስ ይታደስ።

በጥምቂያው ቀን ማሰሮውን ከፍሪጅ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀድመው ያውጡ። በእርሾውና በጭማቂው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ6 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ከላይ ያለውን ቢራ ይድፉ፣ የቀረውን በውዝዋዜ ያላቅቁ፣ መዝነው ወደ ጭማቂው ይጨምሩ።

አየሩ እዚህ ላይ የግድ ነው። እርሾ ሽፋኑን የሚሠራበት ስቴሮል የሚባል ስብ ያለ ኦክስጅን አይፈጠርም፤ አንዱ ህዋስ ሁለት በሆነ ቁጥር ያለው ክምችት ለሁለት ይካፈላል። የተሰበሰበው እርሾ ይህን ስንቅ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጭማቂው ከቀዘቀዘ በኋላ ባልዲውን አምስት ደቂቃ በደንብ ይናጡ ወይም ማጣሪያ ያለው የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ለ20 ደቂቃ ይንፉበት። በተራ አየር የሚገኘው በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ለተለመደ ኤል ይበቃል። ኢምፔሪያል ስታውት የበለጠ ስለሚፈልግ እዚያ ላይ ንጹህ ኦክስጅን ትርጉም ይኖረዋል። መብላላት ከጀመረ በኋላ ግን አየር አይግባ።

ቢራው በ18 ዲግሪ ይጀምር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሙቀት የቢራውን ጣዕም ይወስናል፤ ከ22 ሲያልፍ ፍራፍሬው ይበዛል፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮልም ይመጣል። የባልዲው ውስጥ ከክፍሉ አየር በሁለትና በአራት ዲግሪ እንደሚበልጥ አይዘንጉ።

የሚበላሸው የትኛው ነው፣ ለምን

የመድረሻ እፍጋቱ ከዙር ወደ ዙር ከፍ እያለ፣ ቢራውም ቶሎ ቶሎ እየጠራ ከሄደ፣ ጥፋቱ የአሰባሰቡ ነው። ቀድሞ የዘቀጠውን ብቻ ደጋግሞ የሚሰበስብ ሰው ሳያውቀው ሰነፉን እየመረጠ ነው። የተገላቢጦሽ ከላይ የተንሳፈፈውን ብቻ የሚወስድ ደግሞ ከዙር ወደ ዙር ቢራው አልጠራ ይለዋል።

መድረሻው ድንገት ከወረደ፣ ለምሳሌ 1.012 ላይ ይቆም የነበረው 1.004 ከደረሰ፣ የዱር እርሾ ወይም ዲያስታቲከስ ገብቷል። ይህ አይታከምም። ማሰሮዎቹ ሁሉ ይደፉ፣ የፕላስቲክ ቱቦዎች ይቀየሩ፣ የተሞሉት ጠርሙሶች ቶሎ ፍሪጅ ይግቡ።

ከ24 ሰዓት በኋላም ምንም ካልታየ ብዙ ጊዜ ህዋሱ አንሷል፣ አየር አልገባም፣ ወይም ጭማቂው ቀዝቅዟል። ወደ 20 ዲግሪ አሙቀው አንድ እሽግ ደረቅ እርሾ ይጨምሩ፤ መጠበቅ የሚጠቅመው ባክቴሪያውን ነው። ስታውቱ ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ ዝቃጩን በቀስታ ቀስቅሰው ወደ 21 ዲግሪ ያሙቁት። ካልተነሣ፣ አረፋው ጣሪያ የነካ ትኩስ ጥንስስ ይጨመርበት፤ የተኛ እርሾ የተኛውን አይቀሰቅስም።

የገማ እንቁላል ሽታ በመብላላት መካከል ከመጣ ይታገሡት፣ ጋዙ ይዞት ይወጣል። የአኩሪ አተር ስጎ ወይም የሥጋ መረቅ ጣዕም ግን እርሾው ሞቶ ውስጡን መልቀቁን ያሳያል፤ ጥቁር ስታውት ውስጥ ለጊዜው ሊደበቅ ይችላል እንጂ አይጠፋም።

ስንት ዙር

ትላልቅ ጠማቂዎች ላቦራቶሪ ስላላቸው እስከ 10 ዙርና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ አራት ወይም አምስት ላይ መቆም ልክ ነው። ጥምቂያ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ባክቴሪያ ይጨምራል፤ ትንፈሳ የማይችሉ ደካማ ህዋሶችም ይበራከታሉ፣ እነርሱ ሲበዙ የቅቤው ሽታ ይጎላል። እርሾ ከጥምቂያ ወደ ጥምቂያ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ነገር ነው፤ የዴንማርኩ ተመራማሪ ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን በ1883 በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአንዲት ህዋስ ንጹህ እርሾ እስኪያረባ ድረስ ጠማቂዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር፤ ሲበላሽባቸውም ብዙ ጊዜ ምክንያቱን አያውቁትም ነበር።

የመጨረሻው ዙር ዝቃጭ ወደ ጓሮ ከመደፋቱ በፊት አንድ አገልግሎት ይቀረዋል። በሚቀጥለው ጥምቂያ መፍላቱ ሊያበቃ 15 ደቂቃ ሲቀረው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህሉን ድስቱ ውስጥ ይጨምሩ። ህዋሶቹ ተሰባብረው ናይትሮጅናቸውንና ዚንካቸውን ይለቃሉ፤ ከአዲስ እሽግ የሚገባው እርሾ ያንን ይመገባል።